ክሩን ለቅኝቱ፦ ከ14 ፓኬት የማንዶሊን ክር በኋላ

ባለፈው ሳምንት የማንዶሊኔን ቦርሳ ሳጸዳ 14 ባዶ የክር ፓኬት ቆጠርኩ። ሰው ደረሰኝ ያጠራቅማል፣ እኔ የክር ፓኬት። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጫርኩት ነገር አለ። ክሩ በምን ቅኝት እንደታሰረ፣ በስንተኛው ቀን እንደተስማማኝ፣ መቼ እንደሞተ። አንዱ ላይ «ቀን 1፦ ይጮሃል። ቀን 3፦ አሁንም ይጮሃል። ቀን 9፦ ታረቅን» ይላል። ሌላው ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ጎማ»።

ይሄ ግምገማ ከነዚያ ጭረቶች የወጣ ነው። ማታ ማታ ከስራ መልስ የሚጫወት፣ ጣቱ ቶሎ የሚቆስል፣ ቅኝት መቀያየር ግን የማይሰለቸው የአንድ ሰው አስተያየት አድርጋችሁ ውሰዱት። ሁለት የራሴ መሳሪያዎች አሉኝ። አንዱ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ማንዶሊን ነው። ከብሪጁ (ሳጥኑ ላይ ክሮቹን ደግፎ ከሚያቆመው እንጨት) እስከ አንገቱ ራስጌ የሚነዝረው የክሩ ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌላው 53 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኦክታቭ ማንዶሊን ነው። ከዚያ ውጭ የጓደኛዬን አይሪሽ ቡዙኪ (አንገቱ የረዘመ የማንዶሊን ዘመድ) እና የአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ሆደ ክብ ማንዶሊን በውሰት ነካክቻለሁ።

ቅኝት ስል ባዶ ክሮቹ የሚቃኙበትን ድምፅ ማለቴ ነው። ኖታዎቹን በፊደል ስለምጠራ ግራ እንዳትጋቡ። ጂ ያልኩት ሶል ነው፣ ዲ ሬ፣ ኤ ላ፣ ኢ ሚ፣ ኤፍ ፋ። ሲ ደግሞ ዶ ነው፣ የሶልፌጁ ሲ አይደለም። ኤ እና ኢ በጽሑፍ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። እኔ ራሴ እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ ተምታተውብኛል።

ማንዶሊን ስምንት ክር አለው። በጥንድ በጥንድ ሲቆጠር አራት ነው፣ ከወፍራሙ ሲጀመር ጂ-ዲ-ኤ-ኢ። ልክ እንደ ቫዮሊን ማለት ነው። በፓኬቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የክሩ ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺኛ። 11 ማለት የኢንች 11 ሺኛ ማለት ነው፣ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ያነሰ። ይቺ የፀጉር ያህል ሽቦ በኢ ስትቃኝ በኔ ማንዶሊን ላይ ወደ 10 ኪሎ ተኩል ትጎትታለች። ስምንቱ ሲደመሩ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው የማንዶሊኑ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እንደማለት ነው።

«ላይት» እና «ሚዲየም» የሚሉትን ቃላት አትመኑ። የአንዱ ድርጅት ሚዲየም የሌላው ላይት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አንብቡ።

መጀመሪያ ያሰርኩት የክር ሰሪው የዳዳሪዮ ኢጄ74 ነው። ቁጥሩ 11፣ 15፣ 26፣ 40። አራት ፓኬት ጨርሼበታለሁ። ፎስፎር ብሮንዝ ነው የሚባለው፣ ማለትም የውስጡ ብረት ላይ የተጠመጠመው ሽቦ አብዛኛው መዳብ ሆኖ ትንሽ ቆርቆሮና የፎስፎረስ ጠብታ ያለበት ነው። ይህን ቅይጥ ዳዳሪዮ ወደ ክር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ በፊት የተለመደውና ዛሬም የሚሸጠው «80/20 ብሮንዝ» 80 እጁ መዳብ፣ 20 እጁ ዚንክ ነው። በትክክለኛ ስሙ ናስ ነው እንጂ ነሐስ አይደለም። ግን ክር ሻጭን ማን ያርመዋል።

ኢጄ74 ላይ የምወደው የታችኛውን ጂ ነው። ፒኩን (የክር መምቻዬን) ጠንከር አድርጌ ስመታው አይሸሽም። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ቆረጥ እያደረጋችሁ ምት የምትይዙ ከሆነ፣ ያ «ጭክ» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ትሬሞሎ (አንዱን ድምፅ በፍጥነት ደጋግሞ መምታት) ላይ ደግሞ ክሩ ፒኩን መልሶ ይገፋዋል። እጄ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። «ቀን 9፦ ታረቅን» የተጻፈው እዚህኛው ፓኬት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸት የአዲስ ብረት ክር ሁሉ ጠባይ ስለሆነ አልቀየምኩትም። ለተለመደው ጂ-ዲ-ኤ-ኢ ዛሬም ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠራው ይሄን ነው። ጣቱ ገና ላልጠነከረ ሰው ግን አልመክረውም። እኔ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ የሻይ ብርጭቆ መያዝ እንኳን ያመኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ኢጄ73 ነው፦ 10፣ 14፣ 24፣ 38። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ከ11 ወደ 10 ምን አላት? ጉዳዩ ጉልበቱ የሚሄደው በውፍረቱ ካሬ፣ ማለትም ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ፣ መሆኑ ነው። 11 የነበረውን 10 ስታደርጉት የሚጎትተው ኃይል በ17 በመቶ ይቀንሳል። ጣት ወዲያው ያውቀዋል። ግራ እጄ ቀለለኝ፣ ፈጣን ዜማ ላይ ደስ አለኝ። ድምፁ ግን ትንሽ ሳሳ። ሰው የበዛበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ስጫወት ራሴን መስማት አቃተኝ። ብቻዬን ስሆን ግን እሱን ነው የምመርጠው።

ከአራተኛውና ከአምስተኛው ፓኬት መሃል አንድ የተበላሸ ነገር ገጥሞኛል። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱ የጂ ክሮች ባዶ ሲመቱ እኩል ናቸው። የቅኝት መለኪያው ቱነርም እኩል ናቸው ይላል። ሰባተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተሰመሩት የብረት መስመሮች ሰባተኛው) ላይ ስጫን ግን ተለያዩ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። መጀመሪያ ጣቴን ጠረጠርኩ። ከዚያ ብሪጁን። ከዚያ ፍሬቱን። ሶስት ማታ አባከንኩበት። በመጨረሻ አንዱን ክር ፈትቼ ብርሃን ላይ ሳየው ጥምጥሙ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል። ጊታር ላይ ቢሆን ምናልባት «ክሩ ትንሽ ደንዝዟል» ብዬ አልፈው ነበር። ጥንድ ክር ግን ይቅርታ አያውቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጮሁ የአንዱ ጉድ በሌላው ይጋለጣል። ከዚያ ወዲህ ከፓኬቱ ጋር አንድ ትርፍ ጂና አንድ ትርፍ ኢ ሳልይዝ ክር አልቀይርም።

ስለ ፍላትዋውንድ። እነዚህ ላያቸው ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ሳይሆን እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ነው። ጣት ሲንሸራተት ያ የመጎርጎር ድምፅ የለም። ከቪየናው ቶማስቲክ-ኢንፌልድ የሚመጣውን አስሬ ለረጅም ጊዜ አቆየሁት። ከሁሉም ፓኬቶቼ ረጅም ዕድሜ የኖረው እሱ ነው። ፓኬቱ ላይ የመጨረሻው ጭረት «ቀን 140፦ አልሞተም» ይላል። ድምፁ ክብና ጨዋ ነው። ነጠላ ዜማ፣ ቀስ ያለ ነገር፣ ክላሲካል ለሚጫወት ግሩም። እኔ ግን እንደ ሰካራም ጮክ ያለ ድምፅ ስለምወድ ናፈቀኝ። አንድ ቀን ማታ ሳላስበው ፈትቼ ኢጄ74 መለስኩ። ጥፋቱ የክሩ አይደለም፣ የጆሮዬ ነው።

ላዩ በስስ ሽፋን የተለበጠውን ዓይነት ደግሞ አንዴ ሞከርኩ። እጃቸው ለሚያልባቸው ሰዎች ይረዳል፣ ዝገት ይዘገያል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ማንኛውም የክር ሻጭ የሚነግራችሁ ነው። የኔ ጣጣ የጀመረው ቅኝት መቀየር ስጀምር ነው።

«ጎማ» የሚለው ፓኬት ኢጄ73 ነበር። ኢውን ወደ ዲ አወረድኩት፣ ጂ-ዲ-ኤ-ዲ ለማግኘት። ቅኝቱ ራሱ ውብ ነው። ሶስተኛ ድምፅ ስለሌለበት ኮርዱ ሜጀር ነኝም ማይነር ነኝም አይልም። ክፍት ሆኖ ይቆማል፣ ዜማው እንዳሻው ይሄድበታል። ክሩ ግን ተንጠለጠለ። ስመታው ጎረቤቱን ይነካል፣ ጠንከር ካልኩ ድምፁ መጀመሪያ ወደ ላይ ዘሎ ከዚያ ይወርዳል። እውነትም ጎማ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ክሩ የሚጎትተው ኃይልም በድምፁ ካሬ ነው የሚሄደው። አንድ ሙሉ ድምፅ ስታወርዱ 21 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። ግማሽ ድምፅ ከሆነ 11 በመቶ። እኔ ቀድሞውኑ ቀጭን ክር አስሬ ነበር፣ ላዩ ላይ ደግሞ አወረድኩት። 8.7 ኪሎ የነበረው ወደ 7 ኪሎ ወረደ። ክሩ ምን በደለ? የተሰራው ለኢ ነው። ፓኬቱ ላይ ባይጻፍም ማንኛውም የማንዶሊን ፓኬት ለአንድ ቅኝት የተሰላ ነው።

መፍትሔው ነጠላ ክር መግዛት ሆነ። 11ን አውጥቼ 12 አሰርኩ፣ በዲ ቃኘሁት። ከ11 በኢ ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ የሚሆን ጉልበት ይሰጣል። ጣት ልዩነቱን አያውቅም። ሌሎቹን ስድስት ክሮች ከኢጄ74 እንዳሉ ተውኳቸው። እስካሁን ካደረግኳቸው የክር ለውጦች ሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ደስታ ያመጣልኝ ይሄ ነው። ሁለት ነጠላ ክር ብቻ!

ቀጥሎ የኤ-ኢ-ኤ-ኢ ነገር አለ። የድሮ ቫዮሊን ተጫዋቾች የሚወዱት ቅኝት ነው። ጂውና ዲው እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱ የላይኞቹ ባሉበት ይቆያሉ። የታችኞቹ ጥንዶች የላይኞቹ ማሚቶ ይሆናሉ። አንድ ዜማ ከላይ ተጫውታችሁ ያንኑ የጣት አቀማመጥ ታች ትደግሙታላችሁ። እኔም በኢጄ74 ላይ ወጥሬ ወጥሬ ቃኘሁት፣ እስከ ሌሊት ተጫወትኩ፣ እንደዛው ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ብሪጁ ወደ አንገቱ አጎንብሷል። የማንዶሊን ብሪጅ በማስቲሽ የተጣበቀ አይደለም። ክሮቹ ተጭነውት ነው የሚቆመው። መቃኛውን በጠመዘዛችሁ ቁጥር ክሩ አናቱን ትንሽ ትንሽ ወደ አንገቱ ይጎትተዋል።

ይዤው ወደ ሽማግሌው ጠጋኝ ሄድኩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ብሪጁን በሁለት ጣታቸው ቀና እያደረጉ፣ «ይሄ ሳጥን ድንኳን መሰለህ እንዴ የምትወጥረው?»

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የጨመርኩት።»

«ብቻ ትለኛለህ? ስንት ክር ላይ?»

«አራት።»

«እንግዲህ አስላዋ!»

አሰላሁት። አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ ማለት 26 በመቶ ጭማሪ ነው። በአራት ክር ሲደመር ከነበረው ላይ አስር ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጭነት። ደህና ሳጥን ለአንድ ማታ ይችለዋል። ለወራት እንደዛ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ከባድ ዕቃ በክንድ ዘርግቶ እንደመያዝ ነው፣ ሳጥኑ አንድ ቀን ይዝላል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው 40ውን በ36፣ 26ቱን በ23 መተካት ነው። እንዲህ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል። ሁለተኛው ደግሞ የጋሼ ምክር ነው። «ወደ ላይ ከምትወጣ ወደ ታች ውረድ» አሉኝ። ጂ-ዲ-ጂ-ዲ ማለታቸው ነው። የታችኞቹ ሳይነኩ ኤው ወደ ጂ፣ ኢው ወደ ዲ ይወርዳሉ። በክሮቹ መሃል ያለው ርቀት ከኤ-ኢ-ኤ-ኢ ጋር አንድ ነው። ከፍ ያለውን ድምፅ ስትፈልጉ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ማድረግ ነው። ሳጥኑ እፎይ ይላል። ክሩን ግን ያኔም መቀየር አለባችሁ። እኔ 12፣ 16፣ 26፣ 40 አደረግኩት። ለኤው ቦታ 17 ብታስሩ ጉልበቱ ይበልጥ ይሞላል። ግን ነጠላ ሽቦ በወፈረ ቁጥር ግትር ይሆንና ድምፁ ይደነዝዛል፣ ፍሬቶቹ ላይም ቅኝቱ ይዛነፋል። 16 ትንሽ ይላላል፣ ግን ይዘፍናል። የላላውን መረጥኩ።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ቅኝት አለ፣ ኤ-ኢ-ኤ-ሲ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው)። እዚህ የላይኛው ክር ሶስት ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ወደ 30 በመቶ ጉልበት ያጣል። ለሱ 13 ነው የሚያስፈልገው። ባዶውን ስትመቱት ሜጀር ኮርድ ይዘንባል። ለአንድ ሳምንት ሰክሬበት ነበር። ከዚያ ሰለቸኝ። ማይነር ነገር መጫወት ስትፈልጉ መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው። ለአንድ ሁለት ዜማ ብሎ ስምንት ክር ለሚቀይር እብድ ብቻ።

ጥንዶቹን ራሳቸውን መለያየትም ይቻላል። ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አባት ቢል ሞንሮ አንዱን ጥንድ ሁለት የተለያየ ድምፅ እያደረገ የቃኘበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ የላይኛውን ጥንድ አንዱን ኤ፣ አንዱን ዲ። አንድ ጣት ስትጫኑ ሁለት ድምፅ ይወጣል። ይሄን ስሞክር ነው ማንዶሊን ላይ ያለው አራት ጥንድ ሳይሆን ስምንት ክር መሆኑ የገባኝ። ኢ የነበረውን ወደ ኤ ስታወርዱት ግን 11 ክር ፈጽሞ አይሆንም። እዚያች ቦታ ላይ 15 ወይም 16 እሰሩ። በአንድ ጥንድ ውስጥ ቀጭንና ወፍራም ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ ፒካችሁ መጀመሪያ ይደናገራል። ከቀናት በኋላ ይለምደዋል።

ስለ መበጠስ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። ቡዙኪ ተጫዋቹ ጓደኛዬ «ከፍ አድርገህ መቃኘት ከፈለግህ ቀጭን ክር እሰር፣ አይበጠስም» አለኝ። አመንኩት። 9 አሰርኩ፣ ኢውን ወደ ጂ ላወጣው ሞከርኩ። ጂ ሳይደርስ ጷ! ጉንጬን ለትንሽ ሳተኝ። ኋላ ላይ ምክንያቱን አገኘሁት። ቀጭን ክር ለዚያው ድምፅ የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል፣ እውነት ነው። የመሸከም አቅሙም ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ብረት ክር የሚበጠስበትን ድምፅ በዋናነት የሚወስነው ርዝመቱ ነው እንጂ ውፍረቱ አይደለም። 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ኢ ቀድሞውኑ ወደ ጣሪያው የተጠጋ ነው። ኤፍ ሻርፕ ድረስ ልቤ እየመታ ሄጄ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ አልሞክርም፣ ለጓደኛዬም ፊቱን ዞር አድርጎ እንዲሞክር ነግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። ኦክታቭ ማንዶሊን ስሙ እንደሚለው ከማንዶሊን አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ነው፣ ማለትም ኖታዎቹ ያው ሆነው በስምንት ደረጃ የወፈሩ። ለሱ የሚሸጡ ፓኬቶች ላይ የተለመደው ከ12 እስከ 46 ነው። እኔ ዘንድ በ53 ሴንቲ ሜትር 12ቷ በኢ 7 ኪሎ ትጎትታለች፣ ለስላሳ ናት ግን ትሰራለች። ወደ ዲ ሳወርዳት 5 ኪሎ ተኩል ቀረላት። ጎማ ቁጥር ሁለት። 14 አሰርኩና ወደ 7.7 ኪሎ ወጣች። ከመጀመሪያው የኢ ቅኝት እንኳን ትንሽ ጠንከር አለች። አሁን ኦክታቩ ሁልጊዜ ጂ-ዲ-ኤ-ዲ ነው፣ ወደ ኋላ አልመለስኩትም።

ጓደኛዬ ግን በዚያው ዲ ላይ 12 አስሮ ምንም ቅሬታ የለውም። ለምን? የሱ ቡዙኪ 66 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱም በካሬ ነው የሚቆጠረው። ያው ክር፣ ያው ድምፅ፣ እሱ ጋ ከኔ 55 በመቶ በላይ ይወጠራል። ስለዚህ «እኔ ይሄን አስሬ ደስ ብሎኛል» የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የመሳሪያውን ርዝመት ጠይቁት። እኔ ጋ 14 የሚያስፈልገው እሱ ጋ 12 ይበቃዋል። ጂ-ዲ-ኤ-ዲ ራሱ በአይሪሽ ቡዙኪ ላይ የቆየ ነገር ነው። ጆኒ ሞይኒሃን በ1960ዎቹ የግሪኩን መሳሪያ ወደ አይሪሽ ሙዚቃ ይዞት ሲገባ ነው የተጀመረው። ግሪኮቹ ባለ አራት ጥንዱን ሲ-ኤፍ-ኤ-ዲ ነው የሚቃኙት፣ ሌላ ዓለም ነው።

እኔና ጓደኛዬ የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሱ የታችኞቹን ሁለት ጥንዶች ኦክታቭ በኦክታቭ ያስራል። ከወፍራሙ ጂ ጎን 16፣ ከወፍራሙ ዲ ጎን 12። ሲመታው እንደ ደወል ያንጸባርቃል። «ድምፁ ተከፈተ!» ይላል። ዘፋኝ ለማጀብ ከሆነ እውነቱን ነው፣ አልክድም። ዜማ ስትጫወቱበት ግን ወደ ታችኞቹ ክሮች ስትወርዱ ያቺ ቀጭኗ ክር ወደ ላይ ትጮሃለች። ዜማው የወረደ ይሁን የወጣ ጆሮ ይጠፋበታል። እኔ ዜማ ስለማበዛ ሁለቱንም እኩል ነው የማስረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ጉዳይ እንጨቃጨቃለን፣ ከዚያ መሳሪያ እንለዋወጣለን።

ማንዶላና ማንዶቼሎ የለኝም። ሁለቱም ሲ-ጂ-ዲ-ኤ ናቸው፣ ማንዶቼሎው አንድ ኦክታቭ ወደ ታች። የማንዶቼሎ ፓኬት ከ22 እስከ 74 ይሄዳል። 74ቱን በእጄ ይዤው አውቃለሁ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው የሚመስለው።

የጋሼ ሆደ ክቡ ማንዶሊን የኔፕልስ ዓይነት ነው። ሳጥኑ ስስ፣ ከእጅ ላይ የሚያመልጥ ቅል የሚያህል ክብደት ያለው። እሱ ላይ ኢጄ74 ላስር ብዬ ስል ፓኬቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ልክ ናቸው። እንዲህ ያሉት አሮጌ መሳሪያዎች ለቀላል ክር የተሰሩ ናቸው። ከ9 ወይም 10 ጀምሮ ታች 32 ወይም 34 አካባቢ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሆዱ ይሰረጉዳል፣ አንገቱ ይጎብጣል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ከአያት ወርሳችሁ ከሆነ ሚዲየም የሚል ፓኬት አጠገቡ አታድርሱ። ቅኝት መቀየር ቢያምራችሁም ወደ ታች ብቻ።

ነጠላ ክር ስትገዙ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ማንዶሊን ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው ክር ነው የሚፈልገው፣ ከታች ያለው ብረት ጥርስ ላይ የሚንጠለጠል። የጊታር ነጠላ ክር ግን ጫፉ ላይ ትንሽ የናስ ኳስ አለው። ኳሱን በፒንሳ ጨምቃችሁ ስትሰብሩት ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ቀለበቱ ይቀራል። በጨርቅ ሸፍኑት፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። እኔ የመጀመሪያውን ኳስ እስካሁን ከአልጋ ስር አላገኘሁትም።

ክሮቹን በሙሉ አንድ ላይ አትፍቱ። ብሪጁ ይወድቅና ቦታው ይጠፋችኋል። አንድ በአንድ ቀይሩ። የክሩን ውፍረት ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ 12ኛው ፍሬት ላይ ፈትሹ። ክሩን ዳሰስ አድርጋችሁ የምታወጡት የጠራ ድምፅና ተጭናችሁ የምታወጡት ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ኋላ (ከአንገቱ አርቃችሁ)፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት (ወደ አንገቱ)፣ የወረቀት ውፍረት ያህል። በአንገቱ ራስጌ ያለችው ክሮቹ የሚያርፉባት አጥንት ደግሞ ቦዮቿ ለቀድሞው ክር የተቆረጡ ናቸው። ከ11 ወደ 12 አይታወቅም። ከ36 ወደ 40 ግን ክሩ ይነክስና ስትቃኙት «ጢቅ» እያለ ይዘላል። የእርሳስ ዱቄት ብትነሰንሱበት ለጊዜው ይለሰልሳል። ካልሆነ ሞረድ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ውሰዱት። እኔ ራሴ ሞርጄ አንድ አጥንት አበላሽቻለሁ።

15ኛው ፓኬት ዛሬ ማታ ይታሰራል። ፓኬት ልበለው እንጂ ፖስታ ነው። ውስጡ ሁለት 12፣ ሁለት 16፣ ሁለት 26፣ ሁለት 40፣ ሁሉም ነጠላ ነጠላ የተገዙ። ትርፍ 12 ሶስት ነበረኝ። አንዱን ጓደኛዬ «ለኦክታቯ» ብሎ ወሰደው። ፖስታው ጀርባ ላይ ከአሁኑ «ጂ-ዲ-ጂ-ዲ፣ ቀን 1» ብዬ ጽፌያለሁ።